የቢራ እርሾ ለሥጋ ዶሮ፦ ከደብረ ብርሃን የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 12፣ 2015

የአኩሪ አተር ፋጉሎ ዛሬ ኪሎው 58 ብር ገብቷል። ባለፈው ዙር በ46 ነበር የገዛሁት። በአንድ ኩንታል የሥጋ ዶሮ መኖ ውስጥ 20 ኪሎ ፋጉሎ አስገባለሁ፤ ስለዚህ ጭማሪው በኩንታል 240 ብር ነው። በቆሎውም 34 ደርሷል። በዚህ ዋጋ ሌላ ዙር ማስገባት የሚያዋጣው ከፋጉሎው ላይ የሆነ ነገር መቀነስ ከተቻለ ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ዳሸንም ሐበሻም ፋብሪካ አላቸው። ከብት አርቢው የገብሱን አተላ ወረፋ ይዞ ይወስዳል፤ ከቢራው ሥር የሚቀረውን ፈሳሽ እርሾ ግን እኔ እስካየሁት የሚጠይቀው ጥቂት ሰው ነው። የደረቀ የቢራ እርሾ ከመቶው ወደ 45 እጁ ፕሮቲን ነው፤ የአኩሪ አተር ፋጉሎ 44 አካባቢ ነው። ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ላይሲኑ ጥሩ ነው፣ ሜታዮኒኑ ግን እንደ አኩሪ አተሩ አነስተኛ ስለሆነ ሜታዮኒን ለብቻው መጨመር የግድ ነው። የቢ ቫይታሚኖችም ሞልተውበታል። በወረቀት ላይ ፋጉሎን ኪሎ በኪሎ ሊተካ ይችላል። ዶሮው ምን እንደሚል በራሴ ቤት ማየት እፈልጋለሁ።

ዕቅዱ፦ 100 ጫጩት፣ ሦስት ክፍል። አንደኛው ያለ እርሾ፣ ሁለተኛው ከመኖው 5 በመቶ እርሾ፣ ሦስተኛው 10 በመቶ። ሁሉም በአንድ ቤት፣ በአንድ ጉዝጓዝ ዓይነት፣ በአንድ እጅ የሚመገቡ።

ኅዳር 19

አንድ በርሜል፣ 200 ሊትር አመጣሁ። ለእርሾው 200 ብር፣ ለጭነት ባጃጅ 350 ብር። ከዕቃው የሚበልጠው የመጓጓዣው ዋጋ ነው። መልኩ የተበጠበጠ አብሽ ይመስላል፣ ሽታው የቢራ ነው፣ ሲቀመስ ይመራል። ምሬቱ ከሆፕ ነው፤ ሆፕ ለቢራ ጌሾ ለጠላ እንደሆነው ነው።

ግማሹን ለመያዝ እንዲመች በ20 ሊትር ጀሪካኖች ቀድቼ ክዳናቸውን አጥብቄ ዘጋሁ። ሌሊት አንዱ ፈነዳ። ጓዳው ውስጥ ግድግዳው ድረስ ተረጭቶ አገኘሁት፣ የቀሩትም ሆዳቸው ተነፍቶ ኳስ መስለዋል። እርሾው ሕያው ነው፤ የተረፈውን ስኳር እየበላ ጋዝ ያወጣል። ክዳን ሁልጊዜ ላላ ይበል። ይህን ጠላ የጠመቀ ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔም አውቀው ነበር፤ ፋብሪካ የወጣ ነገር ስለሆነ ሌላ መሰለኝ።

አንድ ሊትር ለክቼ በምጣድ ላይ በቀስታ አደረቅሁት፦ 118 ግራም። ይህ ማለት ከ200 ሊትሩ የምጠብቀው ደረቅ እርሾ 23 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ሌላው ውኃ ነው። ባጃጁን የከፈልኩት ለውኃ ነው ማለት ነው።

ኅዳር 21

የመጀመሪያ የማድረቅ ሙከራ። ሸራ ዘርግቼ እርሾውን እንዳለ ሁለት ጣት ውፍረት አፈሰስኩት። የደብረ ብርሃን የኅዳር ፀሐይ ቀን ላይ ያቃጥላል፣ ነፋሱም ደረቅ ነው፤ በሁለት ቀን ይደርቃል ብዬ ነበር።

ላዩ በአራት ሰዓት ውስጥ ቆዳ አወጣ። ቆዳው ከሥሩ ያለውን ውኃ ዘጋበት። ማታ ውርጭ ስላለ አስገባሁት፣ ጧት አወጣሁት፤ ዝንብ ወረረው። በሦስተኛው ቀን ቆዳውን በቢላ ሳነሳው ከሥሩ እንደ ሙጫ የሚሳብ፣ ኮምጣጤ የሚሸት ነገር ነው። በአራተኛው ቀን ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ አየሁ። 40 ሊትር ሙሉ በሙሉ ተጣለ። ሻጋታ ያየውን ነገር ለዶሮ አልሰጥም፤ ከሻጋታ የሚመጣው መርዝ ጉበት ነው የሚበላው፣ ተፀድቶም ተፈጭቶም አይጠፋም።

ኅዳር 23

የሁለት ቀን ስህተት ነው፣ ተጽፎ ይቀመጥ። ለመቅመስ ያህል ብዬ ጥሬውን እርሾ ከፉርሽካ ጋር አላቁጬ ለሦስት ትልልቅ አውራ ዶሮዎች ሰጠኋቸው። በደስታ በሉት። ከሰዓት በኋላ ከአንገታቸው ሥር ያለው የእህል ከረጢት ተወጥሮ፣ ሲነካ እንደ ፊኛ ይመለሳል። ኩሳቸውም ቀጠነ። አልሞቱም፤ በማግሥቱ ተመለሱ። ለጫጩት ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ግን ምን ይፈጠር እንደነበር አልጠራጠርም።

ማታ ጎረቤቴ እትዬ መጥተው አዩአቸው። አረቄ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አተላውን ለሁለት ላሞቻቸው ይሰጣሉ።

«ምን አብልተሃቸው ነው እንዲህ የተነፉት?»

«የቢራ እርሾ ነው፣ እትዬ። እርስዎም አተላ ለላሞቹ ይሰጡ የለ?»

«የእኔማ በእሳት የበሰለ ነው፣ ልጄ! አረቄው የሚወጣው ተፈልቶ አይደል? የጠላ አተላ ግን ትኩሱን በብዛት አይሰጥም፣ ላምም ትነፋለች።»

ስንት ነገር አንብቤ ያልገባኝ በዚህ ገባኝ። የአረቄ አተላ ውስጥ ያለው እርሾ ሞቷል፣ እኔ የሰጠሁት ሕያው ነው። በሕይወት ያለ እርሾ በብዛት ሲገባ ሆድ ውስጥ መፍላቱን ይቀጥላል፣ የራሱን ቫይታሚንም አይለቅም። በግራም የሚቆጠር ሕያው እርሾ ለአንጀት ጤና ተብሎ የሚጨመርበት አሠራር አለ፤ እሱ ሌላ ሥራ ነው። እንደ ፕሮቲን ምንጭ በኪሎ የሚገባው እርሾ መጀመሪያ መገደል አለበት።

ኅዳር 26

መግደያው ሙቀት ነው። እርሾ 60 ዲግሪ አካባቢ ላይ ከቆየ ይሞታል። እኛ ጋ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ለእርሾው ግን ከበቂ በላይ ነው።

ጎላ ድስት ተውሼ በባሕር ዛፍ ማገዶ 50 ሊትር ጣድኩ። ሁለት ነገር ተበላሸ። አንደኛ፣ ሲሞቅ አረፋው ተነስቶ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው፤ ድስቱን ከግማሽ በላይ መሙላት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ማማሰሉን ለአምስት ደቂቃ አቁሜ ማገዶ ላመጣ ስሄድ ሥሩ አረረ። ያረረው ክፍል ቡናማ ሆኖ የቆሎ ሽታ አወጣ። ሽታው ደስ ይላል፣ ነገር ግን ፕሮቲን ሲያር መጀመሪያ የሚጎዳው ላይሲኑ ነው፤ እኔ ደግሞ እርሾውን የፈለግሁት ለእሱ ነው።

መሞቱን ለማወቅ ቀላል ፈተና አገኘሁ። በሃይላንድ ጠርሙስ ለብ ያለ ውኃ፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ከድስቱ ከመሐል የተቀዳ ግማሽ ሲኒ እርሾ፤ አፉ ላይ የልጆች ፊኛ ማሰር፣ ከምድጃው አጠገብ ሙቀት ማስያዝ። ፊኛው ከተነፋ እርሾው አልሞተም። ለማነፃፀር ጥሬው የተጨመረበት ሌላ ጠርሙስ አጠገቡ አስቀመጥኩ። የጥሬው ፊኛ በአንድ ሰዓት ተኩል ቀጥ ብሎ ቆመ። የበሰለው ደግሞ ማታ ላይ ትንሽ ቀና ማለት ጀመረ፣ ጧት ሞልቶ አገኘሁት። መሐሉ በደንብ አልሞቀም ነበር ማለት ነው። ቴርሞሜትር ገዛሁ፣ 450 ብር። ከዚህ በኋላ መሐሉ 80 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ 20 ደቂቃ፣ ማማሰያው ሳይቆም። በዚህ መንገድ የሠራሁት ፊኛ ለሁለት ቀን እንደተኛ ቀረ።

ታኅሣሥ 1

ከመጀመሪያው በርሜል በተረፈው፣ የበሰለውን እርሾ ከፉርሽካ ጋር አደባልቄ አሰጣሁ። ፉርሽካ ውኃ ይመጣል፣ ቆዳ አያወጣም፣ ሲገላበጥ ይፈረፈራል። በሁለት ቀን ተኩል ደረቀ። ደስ አለኝ፤ ደስታው ሒሳብ እስክሠራ ድረስ ነበር። የወጣው ድብልቅ ከሦስት እጅ ሁለቱ ፉርሽካ ነው። በመኖው ውስጥ 10 በመቶ እርሾ እንዲገባ ከፈለግሁ 20 በመቶ ያህል ፉርሽካ አብሮ ይገባል። ለላም ግሩም ነው፣ ለሥጋ ዶሮ ግን አሰሩ በዛ፣ ጉልበቱ አነሰ። ድብልቁን እትዬ ወሰዱት።

ታኅሣሥ 7

ሁለተኛው በርሜል። አሁን ሁለት ነገር ቀየርኩ።

መጀመሪያ፣ በርሜሉን ክዳኑን ከፈት አድርጌ ውጪ ሁለት ሌሊት አሳደርኩት። በዚህ ወር ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ጧት የባልዲው ውኃ ላይ ስስ በረዶ ይገኛል። ብርዱ እርሾውን ያስተኛዋል፤ መፍላቱን ትቶ ወደ ሥር ይዘቅጣል። በሦስተኛው ቀን ላዩ ላይ ቡናማ የጠራ ፈሳሽ ቆሞ ነበር፣ በጎማ ቱቦ ስቤ 85 ሊትር ደፋሁ። ምሬቱም አብሮ ተቀነሰ። 115 ሊትር ወፍራም እርሾ ቀረ። ያለ አንድ ጉማጅ ማገዶ 85 ሊትር ውኃ አስወገድኩ ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን በርሜል ሳመጣ ይህን ባውቅ ኖሮ!

ቀጥሎ፣ ማምጠጫውን ከፉርሽካ ወደ በቆሎ ቀየርኩ። በቆሎ ከመኖው 58 በመቶ ስለሆነ መግባቱ አይቀርም። እርሾውን በበቆሎው ላይ ካደረቅሁት ምንም ባዕድ ነገር አልጨመርኩም።

የመጀመሪያው ዙር ግን ገንፎ ሆነ። ቃል በቃል ገንፎ። 80 ዲግሪ ላይ ያለውን እርሾ ከድስቱ ቀጥታ በበቆሎው ዱቄት ላይ ገለበጥኩት፤ ስታርቹ በስሎ ተጓጎለ፣ አካፋው ቆሞ ቀረ። ጉብጉቡ ውጪው ደርቆ መሐሉ እርጥብ ስለሚሆን ማሻገቱ አይቀርም፤ ወደ 15 ሊትር የሚሆነውን ጣልኩት። በቆሎውንም እንደዚያው።

ታኅሣሥ 9

እርሾውን አፍልቼ አሳድሬ፣ ጧት ቀዝቅዞ ሳለ ነው የማቀላቅለው። በቆሎው ዱቄት ሳይሆን ሽርክት ይሁን። 95 ኪሎ ሽርክት ላይ የተረፈው እርሾ ገባ፤ በእጅ ሲጨበጥ ይያያዛል፣ ሲለቁት ይፈርሳል። ሸራ ላይ ከአንድ ጣት ባልበለጠ ውፍረት፣ በየሰዓቱ በመጥረጊያ እንጨት መስመር እያወጡ መገልበጥ። ሁለት ቀን። ሲደርቅ በጥርስ ሲነከስ ኮሽ ይላል፣ በላዩ ላይ ቀጭን ቢጫ ልባስ አለው፣ ሽታው የዳቦ ቅርፊት ነው።

እህል የሚፈጩበት ወፍጮ ቤት ወስጄ ነበር፤ ሽታውን ሲሰሙ አይሆንም አሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ሰው ጤፉን የሚያስፈጭበት ነው። የከብት መኖ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ከከተማ ወጣ ብሎ አገኘሁ።

የሁለተኛው በርሜል ሒሳብ፦ እርሾ 200፣ ባጃጅ 350፣ ማገዶ 420፣ ለሁለት ቀን አንድ የቀን ሠራተኛ 400፣ ዳግም ማስፈጫ 110። ድምሩ 1,480 ብር። የተገኘው 19 ኪሎ ደረቅ እርሾ ነው (በበቆሎው ላይ ያለ፣ ድምር 114 ኪሎ)። ኪሎው 78 ብር ወጣ። ፋጉሎው 58 ነው።

ይህን ቁጥር ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ተስፋ የሚያስቆርጥ ነው። ሆኖም ጫጩቱ ታዝዟል፣ ዶሮዎቹ ምን እንደሚያሳዩ ሳላይ ማቆም አልፈልግም። ወጪው የሚስተካከል ነገር ነው፤ ዶሮው የማይቀበለው ከሆነ ግን ወጪ መቀነሱም ትርጉም የለውም።

ታኅሣሥ 28

የገና ዋዜማ። ካርቶኑ ከቢሾፍቱ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደረሰ፦ 100 ጫጩት፣ ኮብ 500 የሚባለው የሥጋ ዶሮ ዝርያ፣ አንዱ 55 ብር። የዛሬ 42 ቀን የካቲት 10 ነው። ሁዳዴ የካቲት 13 ስለሚገባ ለቅበላ ይደርሳሉ ብዬ ነው ቀኑን የመረጥኩት። ካመለጠኝ እስከ ፋሲካ የሚገዛ የለም።

ቤቱን ከጧት ጀምሮ አሞቄው ነበር። ከሰል በሁለት ምድጃ፣ አንድ ቀይ አምፖል። የጫጩቱ ደረጃ ላይ 32 ዲግሪ። መጀመሪያ ስኳር ያለበት ለብ ያለ ውኃ፣ ከዚያ መኖ። ጉዝጓዙ ሰጋቱራ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ሁሉም አንድ ዓይነት የጀማሪ መኖ ያገኛሉ፣ እርሾ የለም። በጫጩት ሆድ መሞከር አልፈለግሁም።

ጥር 8

4 ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ሞተ፤ ሦስቱ ከመንገድ ደክመው የመጡ ናቸው። የፈንግል ክትባት ጥር 5 በዓይን ጠብታ ተሰጥቷል። 96ቱን ለሦስት ከፈልኳቸው፣ 32፣ 32፣ 32፣ በየክፍሉ አማካይ ክብደቱ እንዲቀራረብ በሚዛን እየለካሁ።

በ100 ኪሎ መኖ ውስጥ፦ በቆሎ 58፣ የተቆላ አኩሪ አተር 14፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ 20፣ የኑግ ፋጉሎ 4፣ ቀሪው 4 ኪሎ የኖራ ድንጋይ፣ ዲካልሺየም ፎስፌት፣ ጨው፣ ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ቅይጥ)፣ ላይሲን እና ሜታዮኒን። ይህ ክፍል «ሀ» ነው። ለክፍል «ለ» ፋጉሎው 15 ሆኖ እርሾ 5፤ ለክፍል «ሐ» ፋጉሎው 10 ሆኖ እርሾ 10። እርሾው በቆሎ ላይ ስላለ ለ«ለ» 30 ኪሎ፣ ለ«ሐ» 60 ኪሎ ድብልቅ እመዝናለሁ፣ በቆሎውን በዚያው ልክ እቀንሳለሁ። አኩሪ አተሩ የሚቆላው በራሴ ምጣድ ነው፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለበት ያለ መቁላት አይሰጥም።

ጥር 10

«ሐ» መኖውን አልወደዱትም። «ሀ» እና «ለ» እስከ ቀትር ጨርሰው ሲጮኹ፣ «ሐ» በምንቃራቸው እየበተኑ የበቆሎውን ፍርፋሪ ብቻ ይለቅማሉ። ምሬቱ ይሁን የዱቄቱ መድቀቅ አላውቅም ነበር። ዱቄቱን በእጄ ሳየው እርሾው ከበቆሎው ላይ ረግፎ ከመመገቢያው ሥር እንደ አቧራ ተከማችቷል። ትንሽ ውኃ ረጭቼ አለስልሼ ሰጠኋቸው፤ በግማሽ ሰዓት ባዶ አደረጉት። ይህን ያዝ፦ እርሾ ያለበት መኖ እርጥብ ሲሆን ይሻላል። በኋላ ይጠቅመኛል።

ጥር 12

የጥምቀት ማግሥት፣ ጉምቦሮ የሚባለው የዶሮ በሽታ ክትባት በመጠጥ ውኃ። የቧንቧው ውኃ ክሎሪን ስላለበት ከትናንት ጀምሮ ክፍት ዕቃ ላይ ያደረ የጉድጓድ ውኃ ተጠቀምኩ።

ጥር 17

የ«ሐ» ጉዝጓዝ ረጥቧል። ሌሎቹ ሁለቱ ደረቅ ናቸው። መጠጫዎቹን ለሦስት ቀን ለካሁ፤ «ሐ» በቀን ከ«ሀ» አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይበልጥ ይጠጣሉ። እርሾ በኒውክሊክ አሲድ የበለፀገ ነው፤ ዶሮ ያንን የሚያስወግደው በዩሪክ አሲድ መልክ፣ በኩሱ ላይ በሚታየው ነጩ ክፍል ነው። የ«ሐ» ኩስ በእርግጥም ነጩ በዝቷል። በየሁለት ቀኑ ሰጋቱራ መጨመር ጀመርኩ፣ ጆንያው 40 ብር። እርጥብ ጉዝጓዝ ማለት አሞንያ ማለት ነው፣ አሞንያ ሲበዛ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል፣ መስኮት ሲከፈት ብርድ ይገባል። እዚህ ከተማ ውስጥ ይህ ሰንሰለት ይገድላል።

ጥር 22

ሞት ጀመረ። በሁለት ቀን ሦስት፤ ከ«ሀ» አንድ፣ ከ«ለ» አንድ፣ ከ«ሐ» አንድ። ደህና ሲበሉ የነበሩ፣ ትልልቆቹ ናቸው። ሆዳቸው ተነፍቷል፣ ጉትያቸው ጠቁሯል፣ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ። እርሾው ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ግን ከ«ሀ»ም ሞቷል።

አንዱን ከፈትኩት። ሆዱ ሲቀደድ ገለባ የመሰለ ቢጫ ውኃ፣ አንድ ሲኒ ሙሉ ፈሰሰ። ልቡ ቀኝ ጎኑ ተለጥጦ ልፍስፍስ ብሏል። የእንስሳት ሐኪሙ በስልክ እንዳስረዱኝ ይህ የደጋ በሽታ ነው፦ አየሩ ኦክስጅን ይሳሳበታል፣ የሥጋ ዶሮ ደግሞ በፍጥነት ስለሚያድግ ኦክስጅን አብዝቶ ይፈልጋል፤ ልቡ ወደ ሳንባ ደም ሲገፋ ይደክማል፣ ፈሳሽ ከጉበቱ ወደ ሆድ ይወጣል። ብርድና የከሰል ጭስ ያባብሱታል። ስለዚህ እርሾ ላይ የሚላከክ ነገር የለም፤ ቤቴ ላይ ነው።

ያደረግሁት፦ ከሰሉን አስወጥቼ ውጪ ካጋምኩት በኋላ ብቻ ማስገባት፣ ከጣሪያው ሥር የእጅ ስፋት ያለው ክፍተት ሌሊትም እንዳይዘጋ ማድረግ፣ ሌሊት ለአራት ሰዓት ያህል መብራት አጥፍቶ መኖ እንዳይበሉ ማድረግ። እድገቱን ትንሽ መቀነሱ ነው መድኃኒቱ። ክብደቱን ሳየው ያሳዝነኛል፣ ቢሆንም የሞተ ዶሮ ክብደት የለውም።

የካቲት 3

በአጠቃላይ የሞቱት፦ «ሀ» 2፣ «ለ» 2፣ «ሐ» 3። ከጥር 27 ወዲህ ሞት የለም።

«ሐ» ከሌሎቹ ኋላ መቅረታቸው በዓይን ይታያል። ጥቂቶቹ እግራቸው ሥር ቁስል ይዘዋል፣ ከእርጥቡ ጉዝጓዝ ነው። 10 በመቶ እዚህ ቤት ውስጥ በዛ። ለቀሪው ሳምንት ዝቅ ላድርግላቸው ወይ ብዬ ነበር፤ ሙከራው እንዲጠናቀቅ ብዬ ሰጋቱራውን ብቻ በየቀኑ ቀየርኩላቸው። ይህ ውሳኔ ትክክል ስለመሆኑ አሁንም ልቤ ሙሉ አይደለም፤ ቁስሉን ባየሁ ቁጥር ይከብደኛል።

የካቲት 10

የመጨረሻ ሚዛን፣ እያንዳንዱ ዶሮ አንድ በአንድ። አማካይ፦

«ሀ» 1.96 ኪሎ፣ የበላው መኖ 3.70 ኪሎ።
«ለ» 1.99 ኪሎ፣ የበላው 3.72።
«ሐ» 1.78 ኪሎ፣ የበላው 3.60።

ለአንድ ኪሎ ዶሮ «ሀ» 1.89፣ «ለ» 1.87፣ «ሐ» 2.02 ኪሎ መኖ ፈጀ። በ«ሀ» እና በ«ለ» መካከል ያለው 30 ግራም በ30 ዶሮ ላይ ልዩነት ተብሎ አይጠራም፤ እኩል ናቸው። ዋናው ነገርም ይኸው ነው፦ ከፋጉሎው ሩቡ ወጥቶ እርሾ ቢተካም ዶሮው አልጎደለበትም።

በብር ግን ተጎድቻለሁ። እርሾው 78 ስለወጣብኝ የ«ለ» መኖ በኪሎ አንድ ብር ጨመረ፣ በአንድ ዶሮ ወደ 3 ብር ከ70።

በማግሥቱ ሁለት ሆቴሎች አርጄ ላባውን ነጭቼ ሳስረክብ አብዛኛውን ወሰዱ። ቀሪውን ጎረቤት ለቅበላ ገዛ። እትዬ ከ«ለ» አንድ ወሰዱና እንደ ወጉ 12 ብልት አውጥተው ወጥ ሠሩበት። «ሥጋው ይለሰልሳል፣ ቶሎ እንዳይፈርስ መጨረሻ ላይ ነው የጨመርኩት፣ የእርሾ ሽታ ግን የለውም» አሉኝ። ያስጨነቀኝ እሱ ነበር።

የካቲት 16

የወጪውን ወረቀት ፊት ለፊቴ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። የእርሾው ዋጋ ከ1,480ው 200 ብር ብቻ ነው። ሌላው በሙሉ ውኃ ማመላለሻና ውኃ ማስወጫ ነው። እርሾው ረክሶ ሳለ ያስወደደው ውኃው ነው።

ታዲያ ለምን አደርቀዋለሁ? ለማስቀመጥ ነው። ዶሮው ግን እርጥቡን ከደረቁ አብልጦ እንደሚበላ ጥር 10 ላይ አይቻለሁ። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። የሞተውን፣ የዘቀጠውን ወፍራም እርሾ ሳላደርቅ በየቀኑ መኖ ላይ ባፈስሰውስ?

ሒሳቡ፦ እርሾ 200፣ ባጃጅ 350፣ ማገዶ 250 (ለማሞቅ ብቻ፣ ለማትነን አይደለም)። 800 ብር። በገንፎና በአቧራ የሚጠፋ ስለሌለ 22 ኪሎ ደረቅ የሚያህል እርሾ። ኪሎው 36 ብር ተኩል ያህል። ከፋጉሎው ከ20 ብር በላይ ይወርዳል።

አበሳሉ ላይ ፈተና አደረግሁ። ወፍራሙን እርሾ 80 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ አብስዬ፣ ትኩሱን በታጠበ ጀሪካን ሞልቼ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩ። በየቀኑ ማሽተት፣ ፊኛ ማሰር። እስከ አራተኛው ቀን ሽታውም ፊኛውም አልተለወጠም። በአምስተኛው ኮምጠጥ አለ። ደንቡ ሦስት ቀን ይሁን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የማበስለው የሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ሌላው በበርሜሉ ውስጥ ክዳኑ ላልቶ፣ ሕያው ሆኖ በብርድ ይቆያል።

መጋቢት 10

አዲሱ ዙር የካቲት 26 ገብቷል፣ ለፋሲካ። ሌላ 100 ጫጩት፤ አሁን ሁለት ክፍል ብቻ፦ ያለ እርሾ እና 5 በመቶ እርጥብ። 10 በመቶን አልደግመውም።

አሠራሩ፦ ለ10 ኪሎ መኖ 9 ኪሎ ተኩል ደረቅ ድብልቅ፣ በላዩ 2.6 ሊትር ወፍራም እርሾ፣ በእጅ ማሸት። ሲጨበጥ ይያያዛል፣ አይንጠባጠብም። ጧት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚጨርሱትን ብቻ። መመገቢያው ማታ ማታ ታጥቦ ይደርቃል፤ በጠርዙ የደረቀ መኖ ካደረ እዚያው ይሻግታል፣ ትናንት አንዱ ማዕዘን ላይ አይቼ ቶሎ ፋቅሁት። የእንጨቶቹን መመገቢያዎች ልጥላቸው ነው፣ ስንጥቃቸው ውስጥ ይገባል፤ ለሁለት ተቀዶ የተኛ የፕላስቲክ ቱቦ ይሻላል፣ ሜትሩ 180 ብር።

14ኛ ቀን ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት አሁንም እርሾ አልሰጠሁም፤ ስለዚህ እርጥቡን ከጀመሩ አራት ቀናቸው ነው። ጉዝጓዙ ደረቅ ነው። አንድም አልሞተም፣ ክፍተቱም ሌሊት አይዘጋም። ትናንት ከሰዓት የበልግ ዝናብ ጣለ፣ ሌሊቱም እንደ ጥር አልቀዘቀዘም፤ በርሜሉ ላይ ጧት አረፋ አየሁ። ነገ የሁለት ቀን ብቻ አበስላለሁ፣ በርሜሉንም ከግድግዳው ሥር ወደ ጥላው አዞረዋለሁ።